ለማዶ ሰዎች የተቦካ ጭቃ

እኛ አገር ለአንድ ጦርነት የሚፈቀደው አንድ ትምህርት ነው። ጦርነቱ ያበቃና፣ የሞተው ተቀብሮ የቆሰለው ከታከመ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ አደባባይ ተቀምጠው «ለመሆኑ ምን ተማርን?» ብለው ይመክራሉ። መክረውም አንድ ነገር ይመርጣሉ። ሁለት መምረጥ ነውር ነው፤ ሁለት ትምህርት አንድ ጣሪያ ሥር ካደረ ይጣላል ይባላል። ለተመረጠው ትምህርት አዳራሽ ይሠራለታል፣ ጠባቂ ይሾምለታል፣ በዓል ይቆረጥለታል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረን ሥራ የሚቀጥለውን ጦርነት መጠበቅ ብቻ ነው።

የአያቶቻችን ትምህርት ጩኸት ነበር። ጠላታቸውን ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አግኝተው ቢጮሁበት፣ የገደል ማሚቶው አባዝቶ አስተጋባላቸውና ጠላት አገር ሙሉ ጦር የመጣበት መስሎት እግሬ አውጪኝ አለ። ስለዚህ የአባቶቻችን ወጣትነት በጩኸት ልምምድ አለቀ። ኋላ የቆላ ሰዎች በፈረስ ሲመጡብን አባቶቻችን ሜዳ ላይ ወጥተው ጮሁ። ሜዳ ደግሞ አያስተጋባም። ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮሁ፤ የቆላ ሰዎች ፈረሶቻቸውን እያሳረፉ አዳመጧቸው። እንግዲህ አለቀልን ሲባል፣ ነሐሴ ነውና ዝናቡ ወረደ፣ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ቦካ፣ የቆላ ፈረስ እስከ ሆዱ ሰጠመ፣ እኛም አሸነፍን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። «ጩኸት ሁሉ ቦታ አይሠራም» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ትምህርት ምን ዓይነት በዓል ይደረግለታል ተብሎ ወደቀ። የተመረጠው ጭቃ ነው።

ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት የአያ ምንይችልን ነገር ላወራችሁ ስለፈለግሁ ነው። አያ ምንይችል የጭቃ አዛዣችን ነበር። ሹመቱን ያገኘው በቆላው ጦርነት፣ ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። ያን ዕለት ጭቃው መጀመሪያ የያዘው ጠላትን ሳይሆን እሱን ነበር፤ አንድ እግር ጫማውን ዋጠበት። ቢናደድ ጊዜ ሌላኛውን አውልቆ ወደ ጠላት ወረወረው። ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ «በሉ ግቡ!» የተባለ መስሎት ገባ፤ ድሉም መጣ። ከዚያ ወዲህ እኛ አገር ጦር የሚነሣው የጭቃ አዛዡ ጫማውን አውልቆ ሲወረውር ነው። ነጋሪት መቺው፣ ጦረኛው፣ ድንጋይ የሚንደው ሁሉ ዓይኑን የአዛዡ እግር ላይ ተክሎ ይጠብቃል። በየዓመቱ በነሐሴ፣ በጭቃ በዓል፣ ግንባራችንን ጭቃ ተቀብተን እንሰለፍና አያ ምንይችል ጫማ ይወረውርልናል። ሚስቱ እቴ ይመኙሻል ብቻ «ይሄ ሰውዬ በጫማ ሊያደኸየኝ ነው» እያለች ታጉረመርማለች።

ሰውየው ትዕቢተኛ አልነበረም። ጭቃ ግን ከልቡ ይወድ ነበር። ከዚያ ከድሉ ዕለት የቀረ ጭቃ በገንቦ አድርጎ ጓዳው ውስጥ አኑሯል፤ ሲደርቅበት ውሃ ጠብ ያደርግለታል፣ እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን ከፍቶ ያሳያል። ከጭቃው ቀጥሎ የሚወዳቸው ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት እላለሁ እኔ፤ ይመኙሻል ብትሰማኝ ግን «ቀጥሎ» የምለው ነገር ያጣላናል። ታላቋ አንጓች ናት፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች። ታናሿ ብርቄ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነው፤ አባቷ ዞር ሲል ገንቦውን ከፍታ በዚያ በታሪካዊው ጭቃ አሻንጉሊት ትሠራለች።

አንጓች የታጨችው ለሞላልኝ ነው፤ የአያ ሽባባው ልጅ፣ ከማዶ ሰዎች። የማዶ ሰዎች ከአፋፉ ወዲያ፣ ድንጋያማው አገር ላይ የሚኖሩ ናቸው። ሽማግሌ መጥቶ፣ ቃል ተቆርጦ፣ ሰርጉ ለጥር ተቀጥሮ ነበር። ሁለቱ ልጆች ገበያ መሀል ሲተያዩ ዓይናቸውን የት እንደሚያደርጉ ይጠፋቸዋል፤ ያየ ሁሉ «እነዚህስ ተገናኝተዋል» ይላል።

ነገር የተበላሸው በዋርካው ነው። አፋፉ ላይ፣ በእኛና በማዶ ሰዎች ድንበር፣ አንድ ዋርካ አለ። ጥላው ጠዋት ወደነሱ ይወድቃል፣ ከሰዓት ወደኛ። ያን ዓመት የማዶ ሰዎች አንድ ቅርንጫፍ ቆረጡ። ለምን እንደቆረጡ አልጠየቅናቸውም፤ ብቻ ቅርንጫፉ ከሰዓት በኋላ ለኛ የሚያጠላው ነበር። ወይ ጉድ! «ጥላችንን ወሰዱት» ተብሎ አገር ተንጫጫ። አፋፉን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጥላ እንባ አውጥቶ አለቀሰ።

የትምህርት ጠባቂው አቶ ልሳነወርቅ ጉባዔ ጠሩ። እሳቸው ቀጭን፣ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ የጭቃው አዳራሽ ኃላፊ ሆነው ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ ጭቃ ነክቷቸው አያውቅም።

«ጠላት ቢመጣብን በምን እንመታዋለን?» አሉ።

«በጭቃ!» አልን።

አንዱ ከኋላ እጁን አወጣ። «ጌታዬ፣ ጥር እኮ ነው። ዝናብ ከየት ይመጣል?»

«ምንጭ አለ። እንስራም አለ።»

«አፋፉ ደግሞ ድንጋይ ነው።»

«ሜዳው ላይ መረሬ አለ። አህያም አለ።»

«እሺ ጌታዬ። የማዶ ሰዎች ግን ፈረስ የላቸውም። በእግራቸው፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት።»

ይሄኛው ከበድ አለ። ትምህርቱ ስለሚሰጥም ፈረስ እንጂ ስለሚዘል ሰው የሚለው የለም። አያ ምንይችል ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ያደረገው ከክፋት አይደለም፤ ሲያስበው፣ ሲያስበው በድንገት ብልጭ ብሎለት ነው።

«ፈረስ ከሌላቸው እንስጣቸዋ!» አለ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያወርደው ደረሰ። እውነት ነው፤ ከቆላ ሰዎች የማረክናቸው ፈረሶች ተዋልደው በየሜዳው ሣር ከመጨረስ ሌላ ሥራ የላቸውም። ምርጥ ምርጡ ተለይቶ፣ ኮርቻ ተጭኖ፣ ለማዶ ሰዎች በስጦታ ይላክ ተባለ። አያ ምንይችል በልቡ ሌላም ደስታ ነበረው፤ ፈረሶቹ ለአማቾቹም ክብር ይሆናሉ። ከጉባዔው ሲወጡ አቶ ልሳነወርቅን ጠጋ ብሎ፣

«ጌታዬ፣ የልጄ ሰርግ ነገር…» አለ።

«ባለፈው ጦርነት ሰርግ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው ስለ ሰርግ የሚል ነገር የለንም። ይደግሱ እርስዎ፤ ማን ከለከለዎት?»

በማግሥቱ ሥራው ተጀመረ። መረሬው በአህያ፣ ውሃው በእንስራና በጄሪካን ወደ አፋፉ ወጣ። ረጋጭ፣ አርጣቢና ቀላቃይ ተመደበ። የጥር ፀሐይ ግን ጠዋት የቦካውን ሲያይ ይንገበገባል መሰለኝ፣ ቀትር ሳይሆን አድርቆት ይቆያል። ስለዚህ ጋቢ ወጥረው ጭቃውን የሚያስጠልሉ ሰዎች ተጨመሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ለጭቃው ጥላ ይዘው እነሱ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። አንዱ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወደ ዋርካው ጥላ ሊወስዱት አስበው ነበር፤ ግን ጥላው የሚያጣላ ስለሆነ እዚያው ተውት።

ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ችግር አመጡ። እኛ አገር ቤት የሚመርጉት ሴቶች ናቸው፤ ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ማንም ሳያዛቸው በጉያቸው ጭድ ይዘው እየመጡ ብትን፣ ብትን ያደርጉበታል። አያ ምንይችል «ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ይሄ የጦር ጭቃ ነው!» ብሎ ቢቆጣ፣ አንዷ አሮጊት «ልጄ፣ የጦርም ቢሆን እንዲህ ራቁቱን አይተውም» አለችው።

የማዶ ሰዎች ፈረሶቹን ሲረከቡ ግራ ገባቸው። ኋላ ግን አያ ሽባባው «የምንይችል ልብ ትልቅ ነው፤ ልጁን ሊድር ነውና ቀድሞ እኛን አከበረን» ብሎ ተረጎመላቸው። ልጆቻቸውን ሰብስበው ፈረስ መጋለብ ያለማምዱ ጀመር። ይህ ወሬ ሲደርሰን እኛ ጋ ደስታው ልክ አልነበረውም።

ደስ ያላላት ይመኙሻል ብቻ ናት። አንድ ማታ ለባሏ እራት አቅርባለት ከፊቱ ቁጭ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰርገኛው የሚመጣው በየት በኩል ነው?»

«በአፋፉ ነዋ።»

«ጭቃውስ ያለው የት ነው?»

አያ ምንይችል ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ። እናንተ ትስቃላችሁ፤ ሰው ግን እንዲህ ነው። ጦርነቱን በቀኝ እጁ፣ ሰርጉን በግራ እጁ ሲያሰናዳ ከርሞ፣ ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ እንደሚገናኙ አላሰበውም።

«ላክባቸውና በታች ዞረው ይምጡ በላቸው» አለችው።

«ምሥጢር ነው። ምያለሁ እኮ፣ ይመኙ።»

«አገር ሙሉ አህያ እየነዳ ምሥጢር! በል እንግዲህ፣ ልጄ በሰርጓ ቀን ሬሳ ብትቀበል መሐላህ ያጽናናት።»

ምንይችል የትምህርቱን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ራሱ ነው ያስተማረው። ፈረስ ሲሰጥም ጫማ ይወረወራል፣ ጫማ ሲወረወር ነጋሪት ይመታል፣ ነጋሪት ሲመታ ከላይ ድንጋይ ይናዳል። «ስሚኝ» አላት፣ «ከዓርብ ጀምሮ ውሃ አላስጨምርም። እሑድ ጭቃው ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ሰርገኛው ሽር ብትን እያለ ይገባል፤ ሰኞ ደግሞ እናረጥበዋለን።» ይመኙሻል አመነችው። እሱም ራሱን አመነ።

ቅዳሜ ለስለላ ወደ ማዶ የተላኩት ቃፊሮች ተመለሱ። አቶ ልሳነወርቅ አያ ምንይችልን ከጎናቸው አስቀምጠው ወሬያቸውን ተቀበሉ።

«ምን አያችሁ?»

«ፈረሶቹን ያጥባሉ። ያበጥራሉ። ጋማቸውን በቀይ ክር ይጎነጉናሉ።»

«ሌላስ?»

«ከበሮ ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይፎክራሉ።»

«ሌላስ?»

«ጠላ በጋን በጋን ጠምቀዋል።»

«ስንቅ ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «መቼ ሊመጡ ነው?»

«እሑድ ሲሉ ሰምተናል።»

አያ ምንይችል ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ጌታዬ! እሑድ እኮ የልጄ ሰርግ ነው! ሰዎቹ ሊያገቡ ነው የሚመጡት!»

አቶ ልሳነወርቅ በሐዘኔታ አዩት። «የቆላ ሰዎች የመጡብን ምን ቀን ነበር?»

«…እሑድ።»

«ታዲያስ!» አሉና፣ ጭቃው በዚያው ሰዓት እጥፍ ውሃ እንዲጠጣ፣ በአፋፉም ወዲህም ወዲያም ሰው እንዳያልፍ አዘዙ። ያን ያህል ውሃ አፋፉ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ምንጩ እስኪደፈርስ ተቀዳ።

እሑድ ጠዋት ዳሱ ተጥሏል፣ ወጡ ተሠርቷል፣ አንጓች ሹሩባዋን ተሠርታ በሐበሻ ቀሚሷ ተቀምጣለች። አባቷ ለሰርጓ ብሎ የገዛውን አዲስ ጥቁር ጫማ ሲያጠልቅ አየችው። ሁሉንም ታውቃለች፤ አገሩ ምሥጢር የሚጠብቀው ከማዶ ሰዎች እንጂ ከሙሽራ አይደለም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እግሩ ሥር ተንበረከከችና ማሰሪያውን ያዘች። ሳብ አድርጋ ቋጠረች፣ በላዩ ደገመች፣ ሠለሰች።

«ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«እንዳይወልቅብህ ነው፣ አባዬ» አለች።

በሩ ላይ ይመኙሻል ቆማ ነበር። «አማቼን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችው። ወደ አፋፉ ወጣ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ጠበቀው። ድንጋይ የሚንዱት ከላይ፣ ነጋሪት መቺው ከዋርካው ሥር፣ አቶ ልሳነወርቅ ከሁሉም ከፍ ባለ ደረቅ ቋጥኝ ላይ። ብዙም አልቆየ፤ ከበሮው ተሰማ፣ ቀጥሎ ዘፈኑ፣ ቀጥሎ ፈረሶቹ በጠመዝማዛው ብቅ አሉ። ቀይ ክራቸው ከሩቅ ያበራል። ከፊት ሞላልኝ ነጭ ለብሶ፣ ከጎኑ ሚዜው ጥላ ዘርግቶለት፣ ከኋላ አያ ሽባባውና ዘመድ ወዳጁ፣ ከሁሉም ኋላ የጠላ ማድጋ የተጫኑ ፈረሶች። በፈረስ ከተቀመጡ ገና ሳምንታቸው ነውና ሁሉም የሚጋልቡት በፍርሃትና በኩራት ነው።

የሞላልኝ ፈረስ የፊት እግሩን ጭቃው ላይ አሳረፈ። ከዚያ የኋላውን። ከዚያ እስከ ሆዱ ገባ። ቀጥሎ የሚዜው፣ ቀጥሎ የሽባባው፣ አንድ በአንድ፣ ልክ በየዓመቱ ለልጆች እንደምናስተምረው። ሞላልኝ ከፈረሱ ሲወርድ እስከ ወገቡ ሰጠመ። ሚዜው እስከ ደረቱ ገብቶም ጥላውን ከሙሽራው ራስ ላይ አላወረደም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

«ሠራ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ እንባቸው መጥቶ። «ይኸውና ሠራ! አያ ምንይችል፣ ጫማ!»

ዘፈኑ ቆሟል። ነጋሪት መቺው በትሩን አነሣ፤ ከላይ ያሉት ድንጋዩን ተደገፉ። የሁሉም ዓይን አያ ምንይችል እግር ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሞላልኝን ያያል። ልጁ ጭቃ መሀል ሆኖ እየሰጠመ፣ አማቱን በማየቱ ሊሰግድለት ይታገላል።

አያ ምንይችል ጎንበስ አለና ማሰሪያውን ያዘ። የአንጓች ቋጠሮ ግን በዋዛ አይፈታም። በጥፍሩ ቢለው እምቢ አለ፣ በጥርሱ ሊይዘው ተቀመጠ። ነጋሪት መቺው እጁ ዛለ። «በለው እንጂ አያ!» አለ አንዱ ከላይ። በመጨረሻ አንዱ ተፈታ፣ ሌላውም ተፈታ። ሁለቱንም ጫማ አወለቀ። አየር ላይ ከፍ አደረጋቸው። ከዚያ ደረቅ ድንጋይ ፈልጎ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጣቸው። ጭቃ ጫማ እንደሚበላ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ገባ።

ላይ ያሉት ተደናገሩ።

«ወረወረ እንዴ?»

«ኧረ አስቀመጠ!»

«ሲያስቀምጥ ምን እናደርጋለን?»

ሁሉም ወደ አቶ ልሳነወርቅ ዞሩ። በትምህርቱ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ጫማ የሚል አንድም ነገር የለም። በዚህ መሀል አያ ምንይችል ሞላልኝ ጋ ደርሶ ክንዱን ያዘው፣ ጎተተው፣ ራሱም አብሮ መስጠም ጀመረ። ያን ጊዜ ድንጋይ ከያዙት አንዱ «ኧረ አዛዣችን ገባ! ገመድ! ገመድ!» ብሎ ቁልቁል ሮጠ። ሌላውም ተከተለው። ጦረኛው ጦሩን እንደ ምርኩዝ ይዞ ገባ፤ ነጋሪት መቺው ነጋሪቱን ጣለው። ጥቂት ቆይቶ ከቋጥኙ ላይ ከቆሙት ሰው በቀር በደረቅ መሬት የቀረ ሰው አልነበረም።

አያ ሽባባው ጢሙ ጭቃ ሆኖ ወደ ምንይችል ዞረ።

«እናንተ ሰዎች!» አለ። «ሰርገኛ ሲመጣ በር መዝጋት ወግ ነው፤ እኛም አገር አለ። ተራራ የሚዘጋ ግን ዛሬ ገና አየሁ! ለአንዲት ልጅ ይህን ያህል?»

ምንይችል እያለቀሰ ነው፣ እየሳቀ ነው፣ አላወቀውም። «ውድ ልጄ ናት» አለ።

«አወቅን! አወቅን!» አለ ሽባባው፣ ሳቁም ጭቃውን ሁሉ አዳረሰው።

ይመኙሻል ጫጫታውን ሰምታ ሙሽራዋን ይዛ ደረሰች። አንጓች መጀመሪያ ያየችው ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ጫማዎች ነው። ቁጭ ብላ አቀፈቻቸው፣ አለቀሰችም። ሰርጉ እዚያው ተጨፈረ። ዳሱ ያለው ታች ቢሆንም ፈረስ ሲጎተት፣ ሰው ሲነቀል ቀኑ መሸ፤ የማዶ ጠላ ደግሞ ከጭቃው በደህና ወጥቶ ነበር። ተጠጣ፤ በጣም ተጠጣ። ማታ ላይ ሞቅ ሲለው ሽባባው ለምንይችል በጆሮው ነገረው። የማዶ ሰዎችም ስለ ዋርካው ሥጋት ገብቷቸው ኖሯል፤ የነሱ ያለፈ ጦርነት ያለቀው ጠላታቸው ጠላቸውን ጠጥቶ በመተኛቱ ነው። ስለዚህ ምናልባት ነገር ከመጣ ብለው ያን ሁሉ ጋን የጠመቁት ለሰርጉም ለኛም ነበር። ነግሮትም ሽባባው ደግሞ ቀዳለት። ቅርንጫፉን ለምን እንደቆረጡት ያኔም ማንም አልጠየቀም።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ድል መሆኑ አላከራከረም፤ ፈረስ ሰጥሟል፣ የጠላት አለቃ ተይዟል፣ አንድም ሰው አልሞተም። ጥያቄው ምን ተማርን ነው። አያ ምንይችል ተጠርቶ ቆመ።

«እኔ የተማርኩት፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ አሰቡበት። «መልካም ነው። ግን እስኪ ልጆቹ በበዓሉ ምን ይዘው ይሰለፋሉ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥያቄ አይያዝም፣ አይቀባም። ክርክሩ ረዘመ። የቆላው ጦርነት ጭቃ ነበረው፣ ሰው ግን ሞቶበታል፤ የማዶው ጭቃ ነበረው፣ ማንም አልሞተበትም። ልዩነቱ ምንድን ነው ሲባል ሰርግ ሆኖ ተገኘ። የጭቃው አዳራሽ ተለስኖ የሰርግ አዳራሽ ተባለ፤ አያ ምንይችልም የሰርግ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። አፋፉ ላይ የቀረውን ጭቃ ማንም አላስታወሰውም። ጭድ ነበረበትና፣ ፈረስና ሰው ረግጦት ነበርና፣ በጥር ፀሐይ ደርቆ የግድግዳ ልስን የመሰለ ጥርጊያ መንገድ ሆነ። ድሮ በድንጋይ ላይ እየዘለሉ የሚያልፉበት ቦታ አሁን እንቅልፋም በቅሎ ይሄድበታል። አንጓች በየበዓሉ ትመጣበታለች፤ ዘንድሮ ልጅ አዝላ መጥታለች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ሆኖ፣ የሐይቅ ሰዎች ነገር ተነሣ። እንቁራሪቶቻቸው ሌሊት እየጮኹ እንቅልፍ ነሱን። ጉባዔ ተጠራ። «በምን እንመታቸዋለን?» ተባለ፤ «በሰርግ!» አልን። በማግሥቱ አቶ ልሳነወርቅ አያ ምንይችል ቤት ድረስ መጡ።

«ስንት ሴት ልጅ ቀረዎት?»

አያ ምንይችል ክው አለ። «አንዲት።»

«የት አለች?»

በእጁ አሳያቸው። ብርቄ ደጃፉ ላይ የድሮውን ገንቦ ገልብጣ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ቤት ትሠራለች።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት።»

አቶ ልሳነወርቅ ፊታቸው ጠቆረ። «አልደረሰቻ።»

«አልደረሰችም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ጦርነቱ ይጠብቃል። ምን ይደረጋል?»

አያ ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግሞ ጌታዬ፣ በኔ ቤት ወግ ልጅቷ ራሷ እሺ ካላለች ሰርግ የለም።»

«እሺ ባትልስ?»

«ሰርግ ከሌለማ ጦርነት በምን ይደረጋል?»

አቶ ልሳነወርቅ ቆም ብለው አሰቡ። ከትምህርቱ ጋር የሚጋጭ ነገር አላገኙበትም። ነገሩ በአዋጅ ተነገረ፤ ከሐይቅ ሰዎች ጋር ያለን ጦርነት ብርቄ አድጋ፣ አይታ፣ እሺ እስክትል ድረስ ቆይቷል። እንቁራሪቶቹ እስከ ዛሬ ይጮኻሉ፤ እኛም ለምደናቸው ያለነሱ አንተኛም።

ያን ዕለት አቶ ልሳነወርቅ ሲሄዱ አያ ምንይችል ልጁ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰው ያየኛል ሳይል ፊቷን በጋቢው ጫፍ ጠረገላት።

«ብርቄዬ» አላት፣ «ለማደግ ደግሞ እንዳትቸኩዪ። ቀስ ብለሽ፣ እሺ?»

«አሁን ሥራ ይዣለሁ፣ አባዬ» አለችው፣ ወደ ጭቃዋም ተመለሰች።